ማቅለሽለሹ ሲቀር

አፌን በውሃ እሞላና፣ ተንበርክኬ፣ ከፍ ካለ ቦታ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ውስጥ እተፋዋለሁ። ከፍታው ወሳኝ ነው፤ ዝቅ ካለ ድምፁ እውነት አይመስልም። ከዚያ ከጉሮሮዬ ሥር አንዴ፣ ሁለቴ አጓራለሁ።

"እሰይ!" ይላሉ አማቴ ከበሩ ውጭ። "እሰይ የኔ ልጅ! አውጪው! የዛሬውስ ከትናንቱም ይብሳል።"

የትናንቱም ውሃ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የጥርስ ሳሙና ሽታ እንኳ ሲያስሮጠኝ ከርሞ፣ ትናንት ጠዋት ስነቃ ማቅለሽለሹ የለም። መብራት እንደሚጠፋው ድርግም ብሏል።

ደም ያየሁት ከዚያ በፊት ነው፤ ሥራዬ መጋረጃ መስፋትና መስቀል ነውና፣ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ውዬ የገባሁ ዕለት ማታ። ሐኪሟ "ከመሰላሉ አይደለም" አለችኝ። አላመንኳትም። "የፅንሱ የልብ ምት አለ፣ ግን ደከም ያለ ነው፤ ሰኞ ደግመን እንየው፣ እስከዚያ ተኚ" አለች። አብረውኝ የገቡት አማቴ "ማቅለሽለሹስ?" ብለው ጠየቁ። "እሱ ካለ ጥሩ ምልክት ነው" አለች ሐኪሟ። ያቺን ቃል ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት የምሥራች ማለት የእኔ ማስመለስ ነው።

"ቆይ ቆይ፣ አባቱ ደወለ!" የስልኩ ድምፅ ማጉያ ይንጫጫል። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከወጣ አራተኛ ቀኑ። "ስማ! በገዛ ጆሮህ ስማ!"

ስልኩን የበሩ እንጨት ላይ ሲለጥፉት ይሰማኛል። ምን ላድርግ? አፌን እሞላለሁ። እተፋለሁ። አጓራለሁ።

"አይ የኔ ጀግና!" ይላል ባሌ፤ ከጀርባው ሞተር ያጉረመርማል። "እማዬ፣ ይሄማ ወንድ ነው። ናፍጣ እየጠጣ ነው መሰለኝ!"

"ዝም በል አንተ! እንዲህ አገር የምታምስ ሴት ናት። አንተማ ሆዴ ውስጥ ተኝተህ ነው የወጣኸው፤ እስከ ዛሬም አልነቃህ።"

ይስቃሉ። ሰኞ ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ ራሷ ስታዞር፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ከላይ ነው የሚወድቁት። የሰቀልኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

በበሩ ሥር የሚጠበስ ሽንኩርት ሽታ ይገባል። ከትናንት ወዲያ ቢሆን አንጀቴ ይገለበጥ ነበር። ዛሬ ምራቄን ያስውጠኛል። ርቦኛል። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፤ እዚያ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ሳላውቅ፣ እኔ ዳቦ አምሮኛል።

ስልኩ ይዘጋል። በሩ ይከፈታል፤ መቀርቀሩን ረስቼዋለሁ። አማቴ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከኋላዬ ይንበረከካሉ፤ ጉልበታቸው ቋ ይላል። መዳፋቸውን ግንባሬ ላይ ያደርጋሉ።

"አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ። የቀረውን አውጪው።"

እሞክራለሁ። አፌ ውስጥ ውሃ የለም። ምንም አይመጣም። ሁለታችንም እንጠብቃለን። ድንገት ሆዴ ይጮኻል፤ ረዥም፣ ጤነኛ የረሃብ ጩኸት።

መዳፋቸው ግንባሬ ላይ እንዳለ ይቀራል።

"ከመቼ ጀምሮ?" ይላሉ ቀስ ብለው።

"ከትናንት።"

"ለሱ ነግረሽዋል?"

"ለማንም አልነገርኩ። እማዬ... ደስ ብሏችሁ ነበራ።"

በፎጣው ጫፍ አፌን ይጠርጉልኛል፤ እንደ ሕፃን፣ ግራና ቀኙን።

"ተነሺ። የሚሆነው ሰኞ ይታወቃል። ባዶ ሆድሽን ግን አትውይም።"

ወጥ ቤት ስንገባ ሽንኩርቱ አሯል። ይደፉታል። በሌላ መጥበሻ ሁለት እንቁላል ይሰብራሉ፤ ዳቦውን ቆርጠው ፊቴ ያኖራሉ። እንባዬ እየወረደ እበላለሁ። ይጣፍጣል። ባይጥመኝ እንዴት በወደድኩ።

አማቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያረረውን መጥበሻ ይፈትጋሉ። ከጸዳ ቆይቷል። አሁንም ይፈትጋሉ። እኔ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ሁለተኛውን ዳቦ አነሳለሁ።