የኮከብ አውራ ጣት

ያለምወርቅ ደርግን ሸሽታ ሱዳን ገዳሪፍ ከገባች ወዲህ፣ ቀድሟት ከተሰደደው ባሏ ከአስናቀው ጋር የሸክላ ኩባያ እየሠራች ትሸጣለች። በእናቷ ቤት ልማድ፣ ጭቃው ሳይደርቅ እጀታው ሥር አውራ ጣቷን ታትማለች። ታናሽ እህቷ ኮከብም እንዲሁ ታትም ነበር፤ የኮከብን ጣት ግን በልጅነቷ ማጭድ ሰንጥቆታል።

ዛሬ ኩባያዎቹን ከእሳት ሲያወጡ አንደኛው ላይ የተሰነጠቀ ጣት አሻራ አገኙ።

«የኮከብ ጣት ነው» አለ አስናቀው። «በእጄ ቀበርኳት አላልሽኝም?»

«ቀብሬያታለሁ፤ ምን አስዋሸኝ?»

ውሃ ይዤልሽ እመለሳለሁ ብላ፣ አብራት የተሰደደችውን ኮከብን ከነነፍሷ በረሃ ላይ ጥላት እንደመጣች ለማንም አልተናገረችም።

አሻራውን በአውራ ጣቷ ሸፈነችው። ኩባያው ተተኩሶ ጠንክሯል፤ እዚያች ቦታ ላይ ግን ጭቃው ገና ለስላሳ ነው። ከባዶው ኩባያ ውስጥ ሌላ አውራ ጣት፣ ቀስ ብሎ፣ ጣቷን መልሶ ተጫነው።