የጨረባዋ ጀርባ

«አንተ እዚያ ላይ ተቀምጠህ ሲነፍስብህ ነው ያየሃት። ብረትህን አንሳ፤ ወፉን ለእኛ ተው» ያለኝ ወፍ ሊያጠና የመጣው ዶክተር ነው። ሦስት ዓመት ሆነው። ማክሰኞ ነበር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሳይት ቢሮ ውስጥ፣ አሥራ አንድ ሰው ፊት። ኢንጂነሯ ሳቀች። ፎርማኑ ሳቀ። ጸሐፊዋ ሳትቀር እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

እኔ ያልኩት ይህችን ብቻ ነው። በአሮጌው የጡብ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ውስጥ ጭቃ እየለጠፉ ጎጆ የሚሠሩት ጨረባዎች፣ ባለ መቀስ ጅራቶቹ፣ ከምነዳው ክሬን ላይ ሆኜ ሳያቸው የአንዷ ጀርባ ነጭ ነው። የተማረ ሰው ነውና ይጠቅመዋል ብዬ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ፕሮፌሰር» ሆኖ ቀረ። ትናንት የተቀጠረ አሸዋ ነፊ እንኳ እንደዚያ ብሎ ይጠራኛል።

ዛሬ ዶክተሩ ጥናቱን ሊዘጋ ተመልሶ መጣ። ከምሳ በኋላ ይፈርማል። ከፈረመ በወረቀቱ ላይ እዚያ ያሉት ተራ ጨረባዎች ብቻ ናቸው፣ ጭስ ማውጫውም ለግንባታው ይፈርሳል፣ እኔም ያልነበረ ነገር እንዳወራሁ እቀራለሁ። ባለ ነጭ ጀርባዋን ግን ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ።

ከጋቢናዬ ሆኜ ቁልቁል አየሁት። የርቀት መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ፣ አንገቱን አቅንቶ ወደ ሰማይ ያያል። ሬዲዮውን አነሳሁ።

«ለዶክተሩ ንገሩልኝ። እዚያ ቆመው የሚያዩት ሆዷን ነው። ሆዷ እንደ ሌሎቹ ነው። ጀርባዋን ማየት ከፈለጉ ይውጡ።»

«ኧረ ፕሮፌሰሩ ክላስ ጀመረ!» አለ ፎርማኑ። ከኋላው የሚስቁትን ሁሉ በድምፃቸው አውቃቸዋለሁ።

ይወጣል ብዬ አልነበረም። ለነገር ነው ያልኩት። ሰውዬው ግን የደኅንነት ቀበቶ ታጠቀና መሰላሉን ያዘ። ሁለት መቶ አሥር እርከን ነው፤ እሱ ደግሞ ስልሳን አልፏል። በየማረፊያው ሲቆም ሲያለከልክ ይሰማኛል። ይውደቅ አላልኩም፤ ይድረስም አላልኩም። መጨረሻው እርከን ላይ ሲደርስ ግን ቀበቶውን ይዤ ጎተትኩት።

«ውሃ አለህ?»

ሰጠሁት።

«የታለች?»

«ቁጭ ይበሉ። በቀጠሮ አትመጣም።»

ከጋቢናው ውጭ ባለው የብረት መተላለፊያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ እግራችን ባዶው ላይ ተንጠልጥሎ። ከበታቻችን ሠላሳ የሚሆኑ ጨረባዎች ይሾራሉ። ጀርባቸው ዘይት የነካው ብረት ይመስላል፤ ሰማያዊ ነው ስትል ጥቁር፣ ጥቁር ነው ስትል ሰማያዊ። ዶክተሩ ወደ ፊት ተንጠራርቶ ቁልቁል አያቸው። ወፍ ከላይ አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

ከዚያ ከጭስ ማውጫው አፍ ተስፈንጥራ ወጣች።

«ያቻት» አልኩ። «በግራ። አሁን ታጋድላለች።»

አጋደለች። ፀሐይዋ ጀርባዋ ላይ አረፈች። ከወገቧ እስከ ጅራቷ ሥር ነጭ፤ የታጠበ ነጭ፣ ዓይን የሚወጋ።

ዶክተሩ መነጽሩን አነሳ። ድምፁ የእሱ አልመሰለኝም። «አናቷ ሰማያዊ ነው... ማጅራቷም ሰማያዊ። ነጩ... ቆይ፣ ነጩ ወገቧ ላይ ብቻ ቢሆን ሌላ፣ የተለመደች ወፍ ናት። ዙሪ... እባክሽ ዙሪ...»

እንደሰማችው ሁሉ ዞረች። ጅራቷን ስትዘረጋ ሁለቱ ጫፎች እንደ ክር ረዝመው ታዩ፤ ነጩ ሳይቋረጥ እስከ ጅራቷ ወርዷል።

«ጅራቷ ረጅም» አለ። «ነጩ አልተቋረጠም። ጠፋች የተባለችው ወፍ ናት፤ ሌላ ልትሆን አትችልም።» መነጽሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «አንዲት የደረቀች አይቻለሁ፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ጥጥ የተጠቀጠቀች። በሕይወት ያየ ሰው አላውቅም።»

ያየው ሰውማ አጠገቡ ተቀምጧል።

ይህን ልለው ስል ተመለሰች። በዚህ ጊዜ በእግራችን ሥር ነው ያለፈችው፣ ጫማዬን ባወልቅ ልትነካኝ ትችል ነበር። ክንፏ አየሩን ሲቀድ ሰማሁ። ሦስት ዓመት ሳያት እንደዚያ ቀርባኝ አታውቅም። ሁለት ሽማግሌዎች አንገታችንን አስግገን በዓይን ተከተልናት። በሬዲዮው አንድ ሰው ሲጣራ ነበር፤ አንዳችንም አላነሳነውም።

«እንግዲህ... ልክ ነበርክ ማለት ነው» አለ በመጨረሻ።

ማለት ነው! ሲቀየም የኖረ ሰው መልስ አያጣም። በየማለዳው ስወጣ አንድ ቃል፣ በየማታው ስወርድ አንድ ቃል እየጨመርኩ ለዚህ ቀን ያበጀሁት መልስ ነበረኝ፤ አባቱን የሚያነሣ ሁሉ ነበረበት። ያን ሁሉ ተውኩት። ዓይኔ አሁንም እሷ ያለፈችበት ባዶ አየር ላይ ነው።

ዶክተሩ ከደረት ኪሱ ማስታወሻ ደብተር አወጣ። «መጀመሪያ ያዩበትን ቀን ይንገሩኝ። እኔ አይደለሁም ያገኘኋት፣ በእርስዎ ስም ነው የምጽፈው።» እስክሪብቶውን ደግኖ ቀና አለ። «ስምዎን... ማን ልበል?»

ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ይህን ነበር፤ እሷን እንደዚያ ካየሁ በኋላ ግን ስሜም መልሴም ቀለለብኝ። ተነሣሁና መሰላሉን ያዝኩ።

«ጌታዬ?» አለ። «ጌታዬ!»

ግማሽ መንገድ ስደርስ ጨረባዎቹ ከትከሻዬ እኩል ሆኑ። ጥቂት እርከን እንደወረድኩ ከአናቴ በላይ ሆኑ። ቆምኩና ቀና ብዬ ፈለግኳት። ነጭ ሆድ፣ የመቀስ ጅራት፣ ነጭ ሆድ፣ የመቀስ ጅራት። ሠላሳዎቹም አንድ ናቸው። እኔም ከታች ሆኜ የቷ እንደሆነች አላወቅሁም።

መሬት ስረግጥ ፎርማኑ «እሺ ፕሮፌሰር፣ ምን አሉ?» አለኝ። ከላይ ዶክተሩ አሁንም ይጣራል። ሠራተኛው ሁሉ ዙሪያዬን ቆሞ ይጠብቃል። እኔ አንገቴን ወደ ሰማይ እንዳቀናሁ፣ የማላውቃቸውን ሆዶች እያየሁ፣ በመካከላቸው አልፌ ሄድኩ።