የአባቷ ሰንጢ

ከአሮጌው የመዳብ ማዕድን ማውጫ የሚወርደው መርዘኛ ውሃ ልጅቷ በሠራችው አዲስ ማጣሪያ አልፎ ኩልል ብሎ ወጣ።

«መለኪያው መዳቡ ሙልጭ ብሎ ወጥቷል ይላል፣ አባዬ» አለች።

«መለኪያሽማ ላንቺ ያደላል» አለና፣ ማዕድን ሲቆፍር ያረጀው አባቷ ሰንጢውን ከኪሱ አውጥቶ ውሃው ውስጥ ነከረ።

መዳብ ያለበት ውሃ ብረት ሲነካ ቀይ ያለብሰዋል። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ውሃ የፈተነው በዚህ ሰንጢ ነበርና፣ መርዙ ተፈርቶ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እንኳ ተቆርጦበት አያውቅም። ልጅቷ ዓይኗን ከሰንጢው ሳትነቅል ጠበቀች፤ ለማጣሪያው ገንዘብ ያዋጡላት ሰዎች ሊያዩ ሲመጡ እንኳ እንዲህ አልፈራችም።

አባቷ ሰንጢውን አወጣና በመስኮቱ ብርሃን አገላብጦ አየው። ስለቱ ላይ አንዲት ቅላት አልነበረችም። ከጠረጴዛዋ ላይ ብርቱካን አንስቶ፣ በዚያው ሰንጢ ከነእርጥበቱ ለሁለት ከፈለው።

«እንኪ» አላት፣ የራሱን ግማሽ ቀድሞ ጎርሶ።