እስከ ባሕሩ ድረስ

"ጣቴን ያዥና ምሪኝ፤ ድንበሩን ልየው" አሉ ሽማግሌው፣ አመልካች ጣታቸውን ዘርግተው።

ጉንዳን የሚሏት ሴት ጣታቸውን ያዘች። የሙዚየሙ ኃላፊ ሆናም እሳቸው በሌላ ስም አይጠሯትም፤ ተማሪያቸው ሳለች፣ ቁፋሮው ቦታ ላይ ከአካሏ የሚከብድ አፈር ተሸክማ ወዲያ ወዲህ ስትል ያወጡላት ስም ነው። ለዚህ ወንበር ያበቋትም እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ከቤት አይወጡም። ዛሬ ግን አዲሱ ካርታ በእጅ የሚዳሰስ ነው ቢሏቸው፣ ከረባታቸውን አስረው ከተፍ አሉ።

ሲያጠኑት የኖሩት ጥንታዊ ግዛት ግድግዳው ላይ በእንጨት ተቀርጿል። ተራራው ጎብጧል፣ ወንዙ ጎድጉዷል፣ ድንበሩ በወፍራም ገመድ ተለጥፏል። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን የተከራከሩት ለአንድ ነገር ነው፦ ግዛቱ ወንዙን ተሻግሮ እስከ ባሕሩ ይደርስ ነበር ብለው። ለዚያ ሲሉ ጉልምስናቸውን የጠረፍ አሸዋ ሲቆፍሩ ጨረሱት። የሚስቅባቸውን ሁሉ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይሉት ነበር።

እያደር የጠራው ግን ሌላ ሆነ። እዚያ አግኝተው ማስረጃ ያደረጉት የንጉሥ ማኅተም ነጋዴ ይዞት የመጣ ዕቃ ነበር። ይህን ያረጋገጠችው ራሷ ጉንዳን ናት፤ ገመዱንም ወንዙ ላይ ያስቀረችው እሷው። በሥራዋ አታፍርም። የምታፍረው ባለመንገሯ ነው። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስትል ካርታው ቀድሟት ተሰቀለ። ያጎረሰ እጁን ተነከሰ ማለት ይሄኔ ነው።

ጣታቸው በገመዱ ላይ እየተንሸራተተ ወንዙ ጋ ደረሰ። አሁን ንገሪያቸው አለች ለራሷ። ግን ጣታቸውን ከገመዱ አንስታ፣ ወንዙን አሻግራ፣ የባሕሩን ጠረፍ የሚያሳየው ቀጭን ክር ላይ አሳረፈችው።

"እዚህ ጋ ቀጠነሳ?"

"ገመድ አልቆብን ነው፣ ጋሼ።"

"ለዚህ ሁሉ ግዛት ገመድ ትቆጥባላችሁ?" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው አንጀቷን በላው። "በይ ልቀቂኝና ደግሞ ለብቻዬ ልዙረው።"

"ይደክምዎታል፣ ጋሼ። ትንሽ አረፍ ይበሉና..."

"ልቀቂኝ፣ ጉንዳን።"

ለቀቀቻቸው። ጣታቸው ገመዱን ተከትሎ ተራራውን ወጣ፣ ወረደ። ወንዙ ጋ ሲደርስ ገመዱ ታጠፈ፤ ጣታቸውም ቆመ። ከወንዙ ማዶ ያለውን ልሙጥ እንጨት ዳበሱ። ምንም የለም። ተመልሰው ዳበሱት። ጉንዳን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አልተቆጡም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። መዳፋቸውን ዘርግተው ባዶውን እንጨት ቀስ እያሉ ተሻገሩና ጠረፉ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

"ድንኳናችን እዚህ ጋ ነበር" አሉ። "አፈሩን የምትደፊው ደግሞ እዚህ።"

ከዚያ በሌላ እጃቸው እጇን ፈልገው አገኙትና፣ ገመድ በሌለበት በዚያ ቦታ ላይ አኖሩት።