ቅዳሜ በዳማከሴ

ወይዘሮ አስካለ ምስር እየለቀሙ ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። አዘጋጁ ድሮ በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ኖሯቸው ዛሬ ከአዲስ አበባ ስለጠፉ ምግብ ቤቶች አድማጮችን ያጫውታል። አንዲት ደዋይ «ዳማከሴ» ስትል እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቀረ።

ወንድማቸው ደምሰው ከግንባር በሰው የላከባቸው ቃል ትዝ አላቸው። «ቤታችን ፈርሷል አሉ። ጦርነቱ ሲያበቃ በየቅዳሜው በምሳ ሰዓት ዳማከሴ ምግብ ቤት ጠብቂኝ።» ፒያሳ ዳማከሴ እየሄዱ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ ሳያጓድሉ ጠበቁት። ምግብ ቤቱ ሲዘጋ ተስፋ ቆርጠው ለቅሶ ተቀመጡ።

«አባቴ ደምሰው በየቅዳሜው ይወስደኝ ነበር» አለች ደዋይዋ። «ለሦስት ሰው ያዝዛል፤ አንዱን ሳህን ግን ማንም አይነካውም። አክስትሽ ትመጣለች ይለኛል።»

«መጡ ታዲያ?» አለ አዘጋጁ።

«አልመጡም። ምግብ ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ ጠበቃቸው። እሱም አምና አረፈ።»

ወይዘሮ አስካለ ድምፁን ከፍ አደረጉ።

«ዳማከሴ ፒያሳ አልነበር እንዴ?» አለ አዘጋጁ።

«ፒያሳም ነበረ አሉ» አለች ልጅቱ። «አባቴ ግን ከካዛንቺሱ በቀር አያውቅም ነበር።»