የደሳለ ደንብ

በ2008 ዓ.ም. ላሊበላ በነበረችው የሶፍትዌር ቢሯችን፣ የሠራው ሰው ስም የሌለበትን ኮድ ሰርቨሩ እንዳይቀበል የሚያደርገውን ደንብ የጻፈው ደሳለ ነበር። እኔ የእሱን ሥራ በስሜ አድርጌ፣ «ምንም አይሠራም» ብዬ አስባረርሁት። ብልባላ እናቱ ቤት ገብቶ እህህ እንዳለ ሞተ።

ተዝካሩ ላይ እናቱ እትዬ ይማርሽ አጎረሱኝ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ የልጄ ጓደኛ አይደለህ?» ብለው ደገሙኝ። ዋጥሁ።

በማግስቱ ደሳለ ጽፎት የነበረ ኮድ ላክሁ። ሰርቨሩ «ተመልሷል፤ የሠራው ማን ነው?» አለኝ። ስሜን ጻፍሁ። አሁንም መለሰው። ብሽቅ ብዬ ደንቡን ራሱን አጠፋሁትና እንደገና ላክሁ።

ካጠፋሁት ደንብ መልስ መጣ።

«ተመልሷል። የእናቴን ሁለተኛ ጉርሻ እኔ አልቆጥራትም፤ ለእኔ አንድ ብቻ ነው የጎረስኸው። የሠራው ማን ነው?»