ለአሶሳ መንገድ

ሙሄዲን ደሴ ፒያሳ ካለው የጎማ ሱቅ ደጃፍ ቁጢጥ ብሎ፣ በአዲሱ ጎማ ጥርሶች መሃል ጣቱን እየሰደደ ጥልቀታቸውን ይለካ ነበር። አጠገቡ የቆመችው፣ ተሳፋሪ የሚያመላልስባት ፒክአፑ አራቱም ጎማዎቿ ተልጠዋል።

«ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ለመመላለስ ይኼ ስሱ ይበቃዎታል» አለው ባለሱቁ ይርጋ። «መንገዱ አስፋልት ነው። ያ ወፍራሙ ለኮረኮንች ነው።»

«ወፍራሙን ስጠኝ። አሶሳ ደርሶ መመለስ አለበት።»

የሙሄዲን ሚስት ጣይባ በድርቁ ዓመት ወላጆቿን ልትጠይቅ ገጠር እንደወረደች፣ ከእነሱ ጋር ተጭና ለሰፈራ አሶሳ መወሰዷን ፒያሳ ሁሉ ያውቃል። ሙሄዲን ያን ሳምንት ለሥራ አሰብ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ የጠበቀው የተቆለፈ በር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ተሳፋሪ በተጋፋበት ቀን እንኳ ከጎኑ ያለውን ወንበር ለማንም አልሰጠም። ምሳውንም እዚያው መኪናው ውስጥ ብቻውን ይበላል።

«እንግዲያ አሶሳ የሚያስገባውን የይለፍ ወረቀት ሰጡዎት?» አለ ይርጋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሙሄዲን ተነሳና ወፍራሙን ጎማ በሁለት እጁ ወደ መኪናዋ ገፋው።

«ዛሬም ከለከሉኝ» አለ። «አንተ ግን አራቱንም ግጠምልኝ።»